ስሟ አፈር ውስጥ የቆየባት እናትና መምህር እንዳላማው

በአብ በወልድ በመንፈስ ቅዱስ ስም። የዋንቃ ሚካኤል ሰበካ ሰዎች፣ ከሮብ ገበያ፣ ከይጁቤና ከደብረ ማርቆስ ሥራችሁን አስቀምጣችሁ የመጣችሁ ወዳጅ ዘመዶች፣ ጥላ ያለበት ቦታ ያዙና ስሙ፤ ነገሬ አጭር አይደለም። ድምፁ የልጅ ልጃችን የሥራነሽ ነው፤ ነገሩ ግን የእኔ የባለቤታቸው የታየች ነው። ዜና ሕይወታቸውን የሚያዘጋጅ የተማረ ሰው ሞልቶ ነበር፤ ልጆቼም «እማማ፣ አንቺ አትድከሚ» ብለውኛል። እኔ ግን ከልጅነት እስከ ሽበት አብሬያቸው ኖሬ፣ ዛሬ ሌላው ስለ እሳቸው ሲናገር አፌን ይዤ ብቀመጥ «ታየች፣ ዛሬ ምን ነካሽ?» የሚሉኝ ይመስለኛል። ከሣጥናቸው አጠገብ ነጠላዬን ለብሶ የቆመውን ነገር እያያችሁ «ምንድን ነው?» ትላላችሁ፤ አውቃለሁ። እደርስበታለሁ።

መምህር እንዳላማው ድረስ ከአባታቸው ከአቶ ድረስ በላቸውና ከእናታቸው ከወይዘሮ ሽታዬ ቢያዝን፣ በጮቄ ተራራ ግርጌ በዚሁ በዋንቃ ሚካኤል፣ በ1908 ዓ.ም. በወርኃ ኅዳር ተወለዱ፤ በአርባ ቀናቸውም ኃይለ ሚካኤል ተብለው ክርስትና ተነሡ። አባታቸው ገብስና ስንዴ የሚያመርቱ ብርቱ ገበሬ ነበሩ። ማሳቸው የጥንት ሰዎች ከኖሩበት ሰፈር ላይ ያረፈ ስለ ነበር፣ ማረሻ በገባበት ሁሉ ገል፣ የተበሳ ጨሌ፣ አንዳንዴም የአምባር ስባሪ ይወጣል። ሌላው ልጅ ገሉን አንሥቶ ወፍ ሲያባርርበት፣ እሳቸው ምንጭ ወርደው አጥበው ለእናታቸው ያሳዩ ነበር። አማቴ ይህን ሲያወሩኝ ይስቁ ነበር። «እማ፣ ይህን እንስራ ማን ሰበረው?» ይሏቸዋል። «እኔ እንጃ ልጄ፣ ከእኛ በፊት የነበረች አንዲት ሴት ናት።» «ስሟ ማን ነው?» «እኔ በምን አውቄ?» «ታዲያ ማን ያውቃል?» «ወግድ፤ ጥጃውን አስገባ!» እንግዲህ ስም መጠየቅ ከዚያ ጀምሮ እስከ ዕለተ ሞታቸው አልተዋቸውም። የጥንት ነገር የሚወድ ሰው ብዙ ነው፤ አንዱ ወርቁን ይፈልጋል፣ ሌላው ንጉሡን። እሳቸው የሚፈልጉት ባለቤቱን ነበር።

ከማሳው ራስጌ አንድ ድንጋይ ቆሞ ነበር። ሰሌዳ የመሰለ፣ ጎኑ የተላገ፣ ከአፈር በላይ ያለው ከሰው ወገብ የሚደርስ፣ ላዩ በፊደል የተቀረጸ። የአገሩ ሰው ማን እንዳቆመው አያውቅም፤ የሚያውቀው አንድ ነገር ነው፤ ድንጋዩ ከተነካ በረዶ ይወርዳል። ገብሱ ሲያሸት የጮቄ በረዶ ምን እንደሚያደርግ ለእናንተ አልነግራችሁም። እናም ከብት እንኳ እንዳይታከከው ዙሪያውን እሾህ ያጥሩለት ነበር። እንዳላማው ከቄሰ ገበዝ ፍሥሐ ዘንድ ፊደል ቆጥረው፣ ዳዊት ደግመው፣ ግእዙ ገብቷቸው እንደ ተመለሱ መጀመሪያ ያነበቡት ይህንኑ ድንጋይ ነው። እሾሁን አልፈው ገብተው፣ በጣታቸው እየተከተሉ፣ ፊደሉ አሮጌ ስለ ነበር እየተንተባተቡ አነበቡት። ቃሉን ብዙ ጊዜ ስለ ነገሩኝ እኔም በቃሌ ይዤዋለሁ፤ ወደ እኛ ቋንቋ ሲመለስ እንዲህ ይላል። «ይህን ለእናቴ አቆምሁላት። ያነበበ ሁሉ ስሟን ይጥራ። ስሟም» ይልና እዚያው ላይ አፈር ይጀምራል። ስሟ አፈር ውስጥ ነው።

ልጅ ናቸው፣ ምን ያድርጉ? ማጭድ አምጥተው አፈሩን ይጭሩ ጀመር። አንድ መስመር እንኳ ሳይገልጡ ተያዙ። በዚያው ሳምንት ደግሞ በረዶ ወረደ፤ የማንንም ማሳ ሳይመርጥ ገብሱን ሁሉ አስተኛው። አገሩ ተሰበሰበ። የዚያን ጊዜው ጭቃ ሹም አቶ ባዘዘው፣ ቁመታቸው ረዥም፣ አፋቸው ደግሞ ከቁመታቸው የሚረዝም ሰው ነበሩ፤ «ድረስ፣ ልጅህ ድንጋይ ሲያጭድ የእኛን ገብስ ሰማይ አጨደው» አሏቸው። እንዳላማውም በቤተ ክርስቲያኑ ደጃፍ ቆመው፣ በዕድሜያቸው ሙሉ በዚያ ድንጋይ ላይ ብረት እንዳያሳርፉ በቅዱስ ሚካኤል ማሉ። መሐላውን ሲጨርሱ «እሺ፣ እኔ ብረት አላሳርፍም። ስሟን ግን ማን ይጠራታል?» ብለው ጠየቁ ይባላል።

ከዚያ በኋላ ለቅኔ ትምህርት ወደ መርጡለ ማርያም ተሻገሩ። እዚያ ያለውን የጥንት ሕንፃ ፍርስራሽ፣ ያንን የተጠረበ ድንጋይና በላዩ የተቀረጸውን ሐረግ ሲያዩ፣ እንደ ነገሩኝ፣ ምሳ የሚለምኑበት ሰዓት አልፎባቸው ዋሉ። ጓደኞቻቸው «የፍርስራሹ ደቀ መዝሙር» እያሉ ሲያፌዙባቸው፣ እሳቸው ደግሞ «እናንተ የመምህሩን ቃል ትሰማላችሁ፣ እኔ የግንበኛውን» ይሉ ነበር። ቅኔያቸውን አጠናቀው፣ በየገዳሙ ዞረው፣ አሮጌ ፊደል ያለበትን ሁሉ ሲያነቡ ኖረው፣ ጣልያን ሊገባ ሲል ወደ አገራቸው ተመለሱ።

በ1929 ዓ.ም. እኔን አገቡ። ወንድሜ ሙላት የልብ ጓደኛቸው ነበርና ጋብቻውን የጎነጎነው እሱ ነው። እናቴ ወይዘሮ ይመኙሻል «ልጄን ድንጋይ ለሚያነብ ሰው?» ብትል፣ ሙላት «እማዬ፣ ድንጋይ ማንበብ ያልታከተው የታየችንም ፊት ማየት አይታክተውም» ብሎ አሳቃት። እንግዲህ እኔ ፊደል አልቆጠርሁም፣ እሳቸው ደግሞ ፊደል ሲቆጥሩ የኖሩ። ቢሆንም ተስማማን። አንድ ጊዜ ከማሳው የወጣ ድፍን ማሰሮ ቤት አግብተው ማጀት ቢያስቀምጡት፣ እኔ ምን አውቄ፣ ጎመን ቀቀልሁበት። ያ ማሰሮ ስንት ዘመን ከመሬት ውስጥ ኖሯል መሰላችሁ። ሲመጡ አዩትና ቁጭ ብለው ሳቁ፤ «እንኳን ቀቀልሽበት። የተሠራው ለዚህ ነበር፤ ያች ሴትዮ ብታይ ደስ ይላታል» አሉኝ። ጎመኑም መልካም ወጣ።

ጣልያን በደብረ ማርቆስ ምሽግ ሲሠራ ድንጋይ ያስፈልገው ነበርና በየፍርስራሹ መኪና እየላከ የተጠረበውን ይለቅም ጀመር። ከሹሞቹ አንዱ፣ «ካፒቴኑ» የምንለው፣ የጥንት ነገር የሚወድ ሰው ነበር። በ1930 ዓ.ም. የጎጃም ሰው ተነሥቶ ጫካው ሁሉ በአርበኛ ሲሞላ፣ ወንድሜ ሙላትም ጠመንጃውን ይዞ ወጣ። በዚያው ዓመት በበልግ ዝናብ ወራት ካፒቴኑ አስተርጓሚውን አስከትሎ ወደ ዋንቃ መጣ፤ የእኛን ድንጋይ አየው፣ ዞረው፣ በመዳፉ ዳበሰው፣ ወደ አገሬ እወስደዋለሁ አለ። ለዚያ ቀን መኪናው ጭቃ ውስጥ ገብቶ ስለ ተያዘ በሚቀጥለው ሳምንት ብዙ ሰው ይዤ እመለሳለሁ ብሎ ሄደ። ሲሄድ ግን እንዳላማውን ይዟቸው ሄደ። ድንጋዩን ማንበብ የሚችል እሱ ነው ብሎ አስተርጓሚው ነግሮታል፤ «የሌሎቹንም ፍርስራሾች ቦታ አሳየኝ» ቢላቸው እንቢ አሉ፤ እጃቸውን አስረው ወደ ደብረ ማርቆስ ወሰዷቸው።

አገሩ ተሰበሰበ። እንዳላማው የሉም፣ ካፒቴኑ ይመለሳል፣ ድንጋዩ ከተነቀለ ደግሞ በረዶው አለ። አቶ ባዘዘው አርጅተው በምርኩዝ መጥተው ነበር፤ «አንድ ልጅ ማጭድ ቢያሳርፍበት አስምዬ የከለከልሁትን፣ ጣልያን በመኪና ሊነቅለው ነው?» አሉ። እንደብቀው ሲባል ደግሞ ሌላው ተነሥቶ «ለመደበቅም መቆፈር አለብን፤ ከተቆፈረ በረዶው በእኛው ላይ ነው» አለ። ሲጨቃጨቁ ዋሉ። ኋላ ዘዴው የተገኘው ከራሳቸው ከአቶ ባዘዘው ነው። «መሐላው ስለ ብረት ነው። ስለ እንጨት የተባለ ነገር የለም» አሉ። ሰውም ወይራ እየቆረጠ ጫፉን አሹሎ፣ አንዲት ብረት ሳያስነካ፣ አፈሩን በእንጨት እየወጋ በእጁ እየጠረገ ድንጋዩን አወጣው። ዛሬ ይህን ስናገር የምትስቁ ወጣቶች አያለሁ፤ እኔም ያን ጊዜ ስቄያለሁ። ግን ድንጋዩ ያለ አንድ ጭረት ወጣ። በዶማ ቢሆን ኖሮ ፊደሉ ይቀር ነበር።

ታዲያ የት ይደበቅ? በዚያው ሰዓት፣ ጌታ ያውቃል፣ የወንድሜ መርዶ መጣ። ሙላት ከጮቄ ማዶ በተደረገ ውጊያ ወድቋል፤ አስከሬኑን ማንሣት አልተቻለም። እናቴ ልብሱንና ቀበቶውን አውጥታ አነጠፈችና አለቀሰች፤ አገሩ ሁሉ አብሯት አለቀሰ። ልቅሶው ረገብ ሲል እናቴ ብድግ ብላ አቶ ባዘዘውን «ድንጋዩን ስጡኝ» አለቻቸው። «ለምንሽ ይመኙሻል?» «ልጄ መቃብር የለውም። እናንተ መደበቂያ አጣችሁ፣ እኔ የማለቅስበት አፈር አጣሁ። ስጡኝና ልቅበረው።»

አቶ ባዘዘውም ቄሰ ገበዝ ፍሥሐን አስጠየቁ። እሳቸውም አስበው «ለድንጋይ ፍትሐት አልደርስም። ለሙላት ግን አጥንቱ የትም ይሁን እደርሳለሁ፤ ከጉድጓዱ ምን እንደ ገባ አላየሁም» ብለው ወደ ቤተ መቅደሱ ገቡ፤ እስኪያልቅም አልወጡም። ከዚያ እናቴና እኅቴ ጥላነሽ፣ እኔም፣ ድንጋዩን አጠብነው። ሬሳ ይታጠባልና እናቴ ሳይታጠብ አይገነዝም አለች። ልጆቼ፣ ያን የታችኛውን ፊደል በእነዚህ ጣቶቼ አጥቤዋለሁ። ጭቃው ሲለቅ አንድ በአንድ ይወጣ ነበር፤ እንደ ጥልፍ ይዳሰሳል። ያ ሁሉ የተፈለገው ስም ከዓይኔ ሥር ነው፤ እኔ ደግሞ ማንበብ አልችልም። በአጠገባችን የነበሩትም ገበሬዎች ናቸው፣ ቄሱ የሉም፣ የሚያነበው ሰው ደብረ ማርቆስ ታስሯል። ገነዝነው፣ በሰሌን ጠቀለልነው፣ ቃሬዛ ላይ አኖርነው።

ከቤታችን ወደ ቤተ ክርስቲያኑ የሚወስደው መንገድ የባንዳዎቹን ኬላ አቋርጦ ያልፋል። በቀትር ነው የሄድነው። ወንዶቹ ቃሬዛውን ይዘው ጥቂት ሳይራመዱ ይለዋወጣሉ፣ ግንባራቸው በላብ ርሷል። ካፒቴኑ እስኪመለስ በኬላው የቆየው አስተርጓሚ ወጥቶ መንገድ ዘጋ። እሱም የዚሁ አገር ልጅ ነው፤ ሬሳ እንዴት እንደሚከብድ ያውቃል። «ይህ ሬሳ ምን በልቶ ነው እንዲህ የከበደው?» አለ። አቶ ባዘዘው ከኋላ ሆነው «ሙላት በቁሙም ለእናንተ ከብዷችሁ ነበር» አሉት። አብረውት የቆሙት የጣልያን ወታደሮች አማርኛ ስለማያውቁ ነገሩ አልገባቸውም፤ እሱ ግን ፊቱ ተለወጠ። «ግለጡልኝ» አለ። ያን ጊዜ እናቴ ነጠላዋን አዘቅዝቃ ከፊቱ ቆመች። አልጮኸችም። «አንተ የማን ልጅ ነህ? እናትህን አውቃታለሁ። የልጄን መገነዣ በእጅህ ፍታና ወደ እሷ ቤት ግባ። ፍታ እንግዲህ፣ እኔ አልከለክልህም» አለችው። እጁን ዘርግቶ ነበር፤ መለሰው። እናት ቆማ ሳለ የልጇን ከፈን መፍታት በዚህ አገር ያደገ ሰው የሚችለው ነገር አይደለም፤ ለጣልያን ያደረም ቢሆን። «ሂዱ፣ ሂዱ» ብሎ ፊቱን አዞረ። እኛም በቤተ ክርስቲያኑ ምሥራቅ በኩል፣ አሁን ከኋላችሁ ባለው ጽድ ሥር፣ ሙላትን ቀበርነው። አዎ፣ ሙላትን ነው የምለው፤ እናቴ ያለቀሰችው ለእሱ ነው።

አፈሩ እንደ ተመለሰ እናቴ በቄሱ ፊት ሕዝቡን አስገዘተች። «ይህ መቃብር ነው። እኔ በሕይወት ሳለሁ አይከፈት። ከእኔም በኋላ ከማኅፀኔ የወጣ አንድ ሰው እስካለ ድረስ፣ ሁሉም ሳይፈቅዱ አይከፈት» አለች። ሁሉም እሺ አለ። ካፒቴኑ በሳምንቱ ሲመለስ የቆመው ባዶ ጉድጓድ ላይ ነው። «የታለ?» ሲል አቶ ባዘዘው «እኛም ደንቆናል፤ መሬት ነው የዋጠው» አሉት። አልዋሹም እኮ።

ካፒቴኑ ንዴቱን ይዞ ወደ እንዳላማው ሄደ። መምህራችን ይህን የነገሩኝ ከተፈቱ በኋላ ነው። ከእስር ቤት አስወጥቶ ከጠረጴዛው ፊት አስቀመጣቸውና የራሱን አገር ፍርስራሽ የሚያሳይ ትልቅ የፎቶግራፍ መጽሐፍ ገለጠላቸው። አምዶቹን ሲያዩ ተደነቁ፤ መደነቃቸውንም አልደበቁትም። ካፒቴኑ በአስተርጓሚው በኩል «አንተና እኔ የምንወደው አንድ ነገር ነው። ሰዎችህን ጠይቀህ ድንጋዩ ያለበትን ንገረኝ። ዛሬውኑ እፈታሃለሁ። መጀመሪያ አንተ ታነበዋለህ፣ ከዚያ እኔ እወስደዋለሁ» አላቸው። አያችሁ፣ በሕይወታቸው ሙሉ የፈለጉትን ነገር በአንድ ቃል ሊያገኙት ነው። የት እንደ ገባ ባያውቁም፣ ቢጠይቁ ማንም እንደማይከለክላቸው ያውቃሉ። እሳቸውም «ያቆመላት ልጇ ያነበበ ሁሉ ስሟን ይጥራ ብሏል። አንተ አገር ብትወስዳት ማን ይጠራታል?» አሉት። «እዚያ ብዙ ሺህ ሰው ያነበዋል» አለ። «ያነበዋል እንጂ አይጠራትም» ብለው መለሱለት። ወደ እስር ቤት መለሷቸው፤ ክረምቱን በሙሉ ለመንገድ ጠጠር ሲፈልጡ ከረሙ። ያ ካፒቴን ወደ ሌላ አገር ተዛውሮ፣ እስረኛው የበዛበት ተተኪው ከፊሉን ሲለቅ፣ በ1931 ዓ.ም. በጥቅምት ወጥተው መጡ።

ቤት እንደ ደረሱ ሁሉን ነገርሁዋቸው። ስለ ድንጋዩ ሳይጠይቁ መጀመሪያ መቃብሩ ላይ ሄደው ለሙላት አለቀሱ። ሲበቃቸው ወደ እኔ ዞሩና «ፊደሉን አጥበሽዋል?» አሉኝ። «አጥቤዋለሁ።» «ምን ይመስል ነበር?» እኔም ያየሁትን በአመድ ላይ በጣቴ ልጽፍላቸው ሞከርሁ። ብዙው ጠፍቶብኛል፤ የመጀመሪያው ፊደል ግን አልጠፋኝም፤ ክብ ሆኖ መሐሉን ዘንግ የወጋው ነው። አዩት። ዓይናቸው እንባ አዘለ። «ወ ነው። የሴት ስም ስለ ሆነ ወለተ ይሆናል። ወለተ ማን ትሆን?» አሉ።

እናቴ ለምነዋት ብትከፍት ኖሮ ባወቁት ነበር። አልለመኗትም። «ለእሷ ልጇ ነው» ይሉ ነበር። ጣልያን ተባርሮ ባንዲራችን ሲመለስ፣ ሹሞቹ መጥተው ድንጋዩ ይውጣ ቢሉ እሳቸው ናቸው የከለከሉት። ታዲያ ምን አደረጉ? እሑድ እሑድ ቅዳሴ ሲያልቅ ከዚያ ጽድ ሥር ቆመው አንድ ስም ይጠሩ ነበር። አንድ እሑድ ወለተ ማርያም፣ ሌላ እሑድ ወለተ ሚካኤል፣ ሌላ ጊዜ ወለተ ጽዮን፤ በመላው ጎጃም የሚያውቁትን የክርስትና ስም ሁሉ እየዞሩ። ሲያልቅ ከመጀመሪያው ይጀምሩ ነበር። ልጆች «የኔታ ከማን ጋር ነው የሚያወሩት?» ሲሉ፣ እናቶቻቸው «ከባልንጀራቸው ጋር ነው» ይሏቸው ነበር። እኔ አልቀናሁም። ቀንቼ ምን ልሠራ ኖሯል፣ እሳቸው የስንት ዘመን ሙት ነው የሚጠሩት።

ከነጻነት በኋላ በይጁቤ፣ ቀጥሎም በሮብ ገበያ ትምህርት ቤት ለረዥም ዘመን አስተማሩ። ያስተማሯችሁ እዚህ ሞልታችሁ የለም? ረቡዕ ረቡዕ ገበያው ሲደምቅ ተማሪዎቻቸውን በየማሳው ይዘው ይወጡ ነበር። ገል የተገኘበትን ቦታ ለይተው፣ አይተው፣ ምን እንደ ሆነ አስረድተው፣ ከወጣበት መልሰው አፈር ያለብሱት ነበር። «እኛ እንግዶች ነን፤ የሰው ቤት ገብተን ዕቃ ይዘን አንወጣም» ይሉ ነበር። ከአዲስ አበባ ድረስ የመጡ የታሪክ አዋቂዎችም ቤታችን አድረዋል፤ ከእሳቸው ጋር ሜዳ ለሜዳ ሲዞሩ ውለው ማታ እግራቸውን ሳጥብ፣ እንደ ልጅ ይከራከሩና ይሳሳቁ ነበር። ከእኔም ጋር ልጃችንን አይናዲስንና ልጃችንን በላቸውን ወልደው በትምህርት አሳደጉ፤ ሌሎች ሁለት ልጆቻችን በሕፃንነታቸው ቀድመውናል።

እናቴ በምንኩስና ኖራ በእርጅና ዐረፈች። ከእሷ በኋላ የቀረነው እኅቴ ጥላነሽና እኔ ነን። እኔ ፈቀድሁ፤ ጥላነሽ ግን «የወንድሜን መቃብር አላስከፍትም» አለች። መምህር አንድ ቀንም አልተቆጧትም፤ በየበዓሉ እየሄዱ ይጠይቋት ነበር። ባለፈው ጥቅምት ጥላነሽም ዐረፈች፤ ልትሞት ስትል እጄን ይዛ «በቃ፣ ክፈቱለት፤ ሽማግሌውን ብዙ አስጠበቅሁት» አለችኝ። ሮጬ መጥቼ ነገርሁዋቸው። በዚያን ጊዜ የደረት ሕመሙ ጠንቶባቸው ከአልጋ መነሣት ተስኗቸው ነበር። «ልጆቹ ዛሬውኑ ይቆፍሩና ስሟን ያምጡልዎት» አልኋቸው። ደስታቸው ፊታቸው ላይ ሞላ። ከዚያ ጥቂት አስበው ሳቁና «መቃብር ሁለት ጊዜ አይቆፈር፤ የእኔም ቀርቧል። ከሙላት አጠገብ ሲቆፈርልኝ አብራችሁ አውጧት። እናንተ ስሟን ትጠሯታላችሁ፤ እኔ እዚያ ከራሷ እጠይቃታለሁ» አሉኝ። እንዲህ ነው ያሉኝ። ፈርተው አልነበረም፤ በእንግድነት ሊሄድ እንደ ተነሣ ሰው ነበሩ። ሐኪምም ጸበልም ያልቻለው ሕመም እየጠና ሄዶ፣ ትናንት ጥር 14 ቀን 1987 ዓ.ም. በጧት ቆርበው፣ እጄ እጃቸው ላይ እንዳለ ዐረፉ።

ዛሬ ጧት ጎረምሶቹ የእሳቸውን ጉድጓድ በዶማ ቆፈሩ። ወደ ሙላት ወገን ሲጠጉ ግን «ብረቱን አስቀምጡ» አልኋቸው፤ አንዱ የአቶ ባዘዘው የልጅ ልጅ ነውና ሳልጨርስ ገብቶት ወይራውን አሹሎ መጣ። ሰሌኑ በስብሷል። ድንጋዩ እንደ ነበረ ነው። ሥራነሽ ቁጭ ብላ አጠበችው፤ እኔ ፊደሉን በጣቴ ዳበስሁና ያን ክቡን፣ ዘንግ የወጋውን አገኘሁት። ቄሶቹ አነበቡልኝ። በዘመኑ ሁሉ አንዳንዱ የንጉሥ እናት ናት ይል ነበር፣ ሌላው የባለጠጋ ሚስት ናት ይል ነበር። እሳቸው «ሰው ናት» ብቻ ይሉ ነበር። እንግዲህ ነጠላዬን አነሣዋለሁ። ሥራነሽ፣ አንብቢላቸው። «ይህን ለእናቴ አቆምሁላት። ያነበበ ሁሉ ስሟን ይጥራ። ስሟም ወለተ ኪዳን ነው። ለሰው ገብስ እየፈጨች አሳደገችኝ» ይላል። ሌላ የለበትም።

ወለተ ኪዳን። ከሚጠሯቸው ስሞች መሐል ነበረች፤ በፍልሰታ ሱባኤ እሑድ የሚጠሯት ይህችን ነበር፤ እኔ ቆሜ ሰምቻለሁ። ሳያውቁ ሲጠሯት ኖረዋል ማለት ነው።

መምህር እንዳላማው ድረስ ባለቤታቸውን እኔን፣ ልጆቻቸውን አይናዲስንና በላቸውን፣ የልጅ ልጃቸውን ሥራነሽንና ወንድሞቿን፣ በይጁቤና በሮብ ገበያ ያስተማሯቸውን ሁሉ፣ ይህንንም ድንጋይ ትተውልን ሄደዋል። ድንጋዩ ከእሳቸውና ከሙላት መካከል ይቆማል፤ ስሟ ከአፈር በላይ ይሁን። የአብርሃም የይስሐቅ የያዕቆብ አምላክ የባሪያውን የኃይለ ሚካኤልን ነፍስ በደጋጎቹ አጠገብ ያኑርልን፤ የወንድሜን የሙላትንም፣ የእናቴንም፣ የጥላነሽንም፣ የወለተ ኪዳንንም። ለቀብራችን የመጣችሁ ሁሉ እግዚአብሔር ብድራችሁን ይክፈል፤ ሀዘን ቤታችሁን አያንኳኳ። አሁን ሣጥኑ ከመነሣቱ በፊት አንድ ነገር እለምናችኋለሁ፤ ድምፃችሁን ከፍ አድርጋችሁ መጀመሪያ የእሳቸውን ስም፣ ከዚያ የእሷን ስም አንድ ጊዜ ጥሩልኝ።